ከባለቤቱ ያወቀ ሰዓት

«እንዴት አደርሽ?» አለች አለቃ፣ የሱቁን በር በትከሻዋ ገፍታ እየገባች።

ጥጤ ከመመለሷ በፊት የግራ እጅጌዋን ሰብስባ ሰዓቷን ነካ አደረገችው። ጥቁሩ መስታወት በራ።

«ሃምሳ ሁለት» አለች።

«ምን?»

«ከመቶ ሃምሳ ሁለት። መጥፎ አዳር ነው ያደርኩት።»

አለቃ የተሸከመችውን የጨርቅ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «እኔ እኮ የጠየቅሁት አንቺን ነው፤ እሱን ሰላም አላልኩትም።»

ጥጤ ፈገግ አለች። በመስኮቱ የገባው የጠዋት ፀሐይ ሱቁን ለሁለት ከፍሎታል፤ በብርሃኑ ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል፣ ለመውረድም ለመውጣትም ሳይቸኩል። ትራስ የሚሰፋበት ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የገባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የቀረውን ደግሞ ጥጡ ይውጠዋል። የአለቃን ድምፅ የሚውጥ ጥጥ ግን እስካሁን አልበቀለም።

ጥጤ የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነው። ማታ ከሥራ ስትመለስ ቅንድቧ ላይ ጥጥ ተጣብቆ እያየ «ጥጤ መጣች» ይል ነበር፤ ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰና ወላጆቿ ያወጡላትን የሚያስታውስ ጠፋ። አለቃ ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት ናት። ሱቁ የጥጤ፣ የስፌት መኪናው የጥጤ፣ ደንበኛውም የጥጤ ነው፤ የምታዘው ግን አለቃ ናት። ይህ ነገር ሰፈርተኛውን ያስገርመው ይሆናል እንጂ ጥጤን አስቀይሟት አያውቅም። ጥጤ ሲያዟት የምታርፍ ሴት ናት። ሰማያዊውን ጨርቅ ቁረጪ ሲሏት ሰማያዊውን ትቆርጣለች፤ ስህተት ከሆነም ስህተቱ የሁለት ሰው ነው፣ ለብቻ አይሸከሙትም። የተማረ ሰው ሲናገርማ አፏን ከፍታ ነው የምትሰማው። «የተማረ ይግደለኝ» ትላለች፣ አባባሉን እንደ ጸሎት እያለሰለሰች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያን ቀን ጠዋት ጥጤ የነቃችው ደስ ብሏት ነበር። ሊነጋጋ ሲል አውቶብሱ መጥቶላታል።

ባሏ በሕይወት ሳለ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ወዲህም ሥራውን አልተወም። የሚመጣው ሰማዩ ወተት መምሰል ሲጀምር ነው። ጥጤ በሕልሟ ከቤት ወጥታ ወደ ፌርማታው ትሮጣለች፤ ጫማዋ ከእግሯ ሊወልቅ ይላል፣ አውቶብሱም በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል። ውስጡ ባዶ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እሱ ዞሮ አያያትም፣ ሾፌር ዓይኑን ከመንገድ አይነቅልም፤ በመስታወቱ ውስጥ ግን ዓይኖቹ ይታዩዋታል፣ ዳር ዳራቸው ሲሸበሸብም እየሳቀ መሆኑን ታውቃለች። ቤቶቹ በመስኮቱ ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ መብራታቸው በርቷል፣ ደጃቸው ላይ ግን ሰው የለም። ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቃው አታውቅም።

የሚያወሩትን ሰው ቢሰማ ይስቅባቸዋል። ስለ ሰማይ ቤት አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጥጥ ተወደደ ወይ ይላታል። የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል? ያፈሳል። አናጢው አልመጣም? ነገ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። «የእሱ ነገ!» ይልና መሪውን ያዞራል። ጥጤም ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባውን ታያለች፣ ከዚህ በላይ የምትፈልገው ነገር የለም።

ያን ቀን ጠዋትም ጉንጯ ሞቆ፣ እየሳቀች ነበር የነቃችው። ከዚያ ሰዓቱ እጇ ላይ ነዘር አለ። «የእንቅልፍዎ ጥራት ዝቅተኛ ነው» ይላል። ጥጤ ቁጥሩን አየችው። ትንሽ ቆይቶ አንገቷ ከበዳት፣ ዓይኗን ቆረቆራት፣ ወገቧንም ያዝ አደረጋት። ለካ ደክሟት ኖሯል።

አለቃ ጨርቁን ዘርግታ ሳትጨርስ የጥጤ ስልክ ጮኸ። ልጇ ነው።

«እማዬ፣ ሃምሳ ሁለት! ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔማ ምንም አልሆንኩም ነበር...»

«አምስት ጊዜ ነቅተሻል። ልብሽም ሲነጋጋ ፈጥኗል። የእንቅልፍ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤ እምቢ እንዳትይኝ።»

«እሺ ልጄ። አንተ ካልክ እሺ።»

ሰዓቱን የገዛላት እሱ ነው። ጥጤ ግን ስለ እንቅልፍ የራሷን ቃል ማመን የተወችው ሰዓቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ባሏ የሞተው በእረፍት ቀኑ፣ አልጋው ላይ ነበር። ልጃቸው ከሚሠራበት ከተማ ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። «አባዬ ዛሬ አይነሳም እንዴ?» ሲላት ወደ መኝታ ቤቱ ብቅ ብላ አየች። ባሏ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ጉንጩን እሷ በሰፋችው ትራስ ላይ አሳርፎ ተኝቷል። «ተወው፣ ይተኛ» አለችው ልጇን በሹክሹክታ፤ «እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ነው የወሰደው!» እናትና ልጅ ሻይ ጠጡ፣ እንዳይቀሰቅሱት ሲኒውን እንኳ ቀስ አድርገው እያስቀመጡ። ኋላ ሐኪሙ ሌሊቱን ነው ያረፈው፣ ቀድማችሁ ብትገቡም የምታደርጉለት ነገር አልነበረም አላቸው። ጥጤ ይህን አምናለች፤ የተማረ ሰው ነው የተናገረው። ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የተኛ ሰው አይታ ደህና ነው ለማለት አንደበቷ አይታዘዝላትም፣ ስለ ራሷም ቢሆን። ስለዚህ ልጇ ኮምፒዩተር ከሚሠራበት ቦታ ሰዓቱን ይዞ መጥቶ እጇ ላይ ሲያስርላት፣ «ይሄ አይሳሳትም፣ እማዬ» ሲላት፣ ከላይዋ ላይ ሸክም የወረደላት ያህል ነው የቀለላት። ቁጥሯ በየማለዳው ከእሷ እጅ ተነስቶ በእሱ ስልክ ላይ ይወጣል። እንዴት እንደሚሄድ አታውቅም፤ መድረሱን ግን ታውቃለች፣ መድረሱም ደስ ይላታል።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አስራዋለች፣ ስትናገርም አትቸኩልም። ከስልኩ ላይ የጥጤን ሌሊቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሌሊቶቹ እንደ ኮረብታና እንደ ሸለቆ ተስለዋል።

«ሊነጋ ሲል እንቅልፍዎ ይቆራረጣል» አለች። «ልብዎም በጣም ይፈጥናል።»

ልቧ የሚፈጥነው ወደ ፌርማታው ስትሮጥ ነው። ግን ይህን ማን ጠየቃት?

«የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ፣ እናቴ?»

«ኧረ የለም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው በቀላል መድኃኒት እንሞክረው። ማታ ማታ አንድ ፍሬ።»

ሱቅ ስትመለስ አለቃ ብልቃጡን ተቀብላ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «አንቺ ሴት፣ እንቅልፍ መቼ አጣሽና ነው? ትናንት የስፌት መኪናው ላይ ስታንጎላጂ አልነበር?»

«ሰዓቱ አጥተሻል ይላል።»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«የተማረ ይግደለኝ ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ይገድልሻላ!» አለች አለቃ፣ ብልቃጡን እየመለሰችላት።

መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነበር። ጥጤ ማታ ትተኛለች፤ ከዚያ ጠዋት ይሆናል። በመሃል ምንም የለም፣ ጨርቅ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች እንደተሰፉ ያህል። ሰዓቱ ሰማንያ ስምንት አላት፣ ቀጥሎ ዘጠና። ልጇ በየማለዳው እየደወለ «ጎበዝ እማዬ!» ይላታል፣ እሷም ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ትሽኮረመማለች። ለደንበኞቿ እጅጌዋን እየሰበሰበች ታሳያለች። ትራስ ሊገዛ የመጣ ሰው እንደዚህ በሚገባ የምትተኛ ሴት የሰፋችውን ትራስ ትቶ የማንን ይገዛል? አንድ ሆቴልም ብዙ ትራስ አዘዘ፤ ነገሩ ሁሉ ሰመረ።

አውቶብሱ ብቻ ቀረ።

መጀመሪያ ልብ አላለችውም፤ ሥራ ይዟታል። ቀስ በቀስ ግን ጠዋት ወደ ሱቅ ስትሄድ እውነተኛው ፌርማታ ጋ እግሯ ይጓተት ጀመር። ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ አውቶብስ ይመጣል፣ ሾፌሩ ሌላ ሰው ነው። የእሷ ሾፌርስ አሁን ምን እያደረገ ይሆን? በዚያ ወተት በመሰለ ሰማይ ሥር አውቶብሱን አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ ሲጠብቃት፣ በመስታወቱ መንገዱን ደጋግሞ ሲያይ ታያት። ቤት ቀይራለች ብሎ ያስብ ይሆን? ተቀይማኛለች ይል ይሆን? ናፈቃት። ያን ያህል ናፍቋት አያውቅም፣ በሞተ ሰሞን እንኳ፤ ያኔ ቶሎ ነበር መመላለስ የጀመረው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አለቃ ከገበያ ስትመለስ ጥጤን ጥጥ በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። እንባዋ ጉንጯ ላይ የተጣበቀውን ጥጥ አርሶታል።

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

ጥጤ በለመደ እጇ ሰዓቷን ነካች። «ዘጠና አንድ» አለች እያለቀሰች።

አለቃ አልሳቀችም። አጠገቧ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች፤ ጆንያው ሁለቱንም ይዞ ወደ ታች ሰረገ። ጥጤም ስለ አውቶብሱ ነገረቻት፣ ስለ ባዶዎቹ ወንበሮች፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ አናጢው ነገ።

አለቃ እስኪያልቅ ድረስ አንዴም አላቋረጠቻትም፤ ይህ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። «ወንድሜን ስታዪው ኖረሻል ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ለአንዴ ጥጡ የሚውጠው ዓይነት ሆነ። «እኔ ማታ እንደ ግንድ ነው የምጋደመው። አንድ ቀን እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። አንቺ ሲመጣልሽ ደግሞ በኪኒን አባረርሽው?»

«ዶክተሯ እኮ ናት...»

«ዶክተሯ ታውቃለች? ነግረሻታል?»

ጥጤ ጉንጯ ላይ የረጠበውን ጥጥ ጠረገች።

«ተነሽ» አለች አለቃ፣ ወደ ድሮ ድምፅዋ ተመልሳ። «ሂጂና ንገሪያት።»

ጥጤ ስለታዘዘች ሄደች። ሐኪሟ አዲሶቹን ሌሊቶች ከፍታ ፊቷ በራ፤ ኮረብታና ሸለቆው ጠፍቶ ሁሉም ሜዳ ሆኗል።

«በጣም ጥሩ ነው! እንዴት ነው፣ ተሻልዎት?»

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልናገር? ድፍረት አይሁንብኝና።»

«ይናገሩ እንጂ።»

«ሕልሜ ጠፋብኝ።»

ሐኪሟ ስልኩን አስቀመጠች። ጥጤ መሬት መሬቱን እያየች አውቶብሱን ከፌርማታ እስከ መስታወቱ ነገረቻት። ስትጨርስ ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝማ።»

«የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«እሱ አያስጨንቀኝም» አለች ጥጤ።

ሐኪሟ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ ግን እንባ ያዘ። «እኔ መድኃኒቱን ያዘዝኩልዎት እንቅልፍ አስቸገረኝ ብለው ስለመጡ ነው።»

«እኔ የመጣሁት ልጄ ሂጂ ስላለኝ ነው።»

«ልጅዎስ?»

«ሰዓቱ ነግሮት።»

«ሰዓቱ ደግሞ የሚያውቀው እጅዎን ብቻ ነው። ሲንቀሳቀሱ ነቁ ይላል። ልብዎ ሲፈጥን ይጽፋል፤ ለምን እንደፈጠነ ግን ከየት ያውቃል? እኔም ከእርስዎ ይልቅ እሱን አየሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ጥጤ፣ ትእዛዙን ለመቀበል ወደ ፊት ጠጋ ብላ።

«መቀጠልም መተውም ይችላሉ። ልብዎን መርምሬዋለሁ፣ ደህና ነው። የሚተዉ ከሆነ ቀስ በቀስ ይሁን፣ መጀመሪያ ግማሽ ግማሽ እየወሰዱ። የትኛው ይሻልዎታል?»

ጥጤ ጠበቀች። ሐኪሟም ጠበቀች። የሚቀጥለውን ቃል የሚናገር ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ጥጤ ወደ ሰዓቷ አየች፤ መስታወቱ ጨልሞ የራሷን ፊት ብቻ አሳያት፣ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጥጥ ጭምር።

«ልተወው» አለች፤ ድምፅዋም አስደነገጣት።

አውቶብሱ ወዲያው አልመጣም። ጥጤ ግማሹን እየዋጠች፣ ኋላም ምንም ሳትውጥ ጠበቀችው። ቁጥሩ ወረደ፣ ልጇ ተጨነቀ፣ እሷም «ሐኪሟ ናት ያለችው» እያለች አለፈችው። ይህ ግማሽ ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ሐኪሟማ ይምረጡ ነው ያለቻት። ግን ልጇን የሚያረጋጋው የሐኪም ስም ነው፣ እሷም ልጇ ሲረጋጋ ትረጋጋለች። አውቶብሱ ጠፍቶ ቢቀርስ እያለች መፍራት ጀምራ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ጫማዋ ከእግሯ ሊወልቅ አለ። ሰማዩ ወተት መስሏል። በሩ ክፍት ነው።

«የት ጠፋሽ?» አላት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«ሐኪም አዞኝ ነው።»

«ምን ብሎ?»

«በደንብ ተኚ ብሎ።»

የዓይኖቹ ዳር በመስታወቱ ውስጥ ተሸበሸበ። ስለ ጣሪያው ጠየቃት፤ ያፈሳል። አናጢው፤ ነገ ብሏል። አለቃስ? አለቃ አለቃ ናት፣ ለምን እኔን አታሳፍረኝም ብላ ተቀይማሃለች አለችው። «እሷ ከተሳፈረችማ መሪውንም አትለቅልኝ» ብሎ ሳቀ። በመስኮቱ ቤቶች አለፉ። የእነሱ ቤትም አለፈ፣ መስኮቱ በርቶ፣ ሁለት ሲኒ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ። ሾፌሩ አውቶብሱን ቀስ አደረገው።

«ልጁስ?» አላት። «ይተኛል?»

ጥጤ መልሱን ፍለጋ ወደ እጇ ብታይ ሰዓቱ የለም፤ ባዶ እጇ ነው ያለው። እዚያው ላይ ነቃች።

ፊቷን ሳትታጠብ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ለባብሳ ወደ ሱቅ ሄደች። ሰዓቱ ነዘር ብሎ ነበር፤ አላየችውም። አለቃ ቀድማ ገብታ ጥጥ ታፍታታለች።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና አደርኩ» አለች ጥጤ። እጅጌዋ ከቦታው አልተነሳም። «ተቀይማሃለች ብዬ ነግሬዋለሁ።»

አለቃ እጇ ጥጡ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ምን እንዳለ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ!» ልጇ ትንፋሽ ያጠረው ይመስላል። «አርባ አራት! እንዲህ ወርዶ አያውቅም። በጣም መጥፎ አድረሻል ይላል።»

«ይበል» አለች ጥጤ።

«ምን?»

«ይበል። እኔ ደህና ነው ያደርኩት።»

ልጇም «እንዴት አውቀሽ?» አላት፤ ንዴት አልነበረበትም፣ የልጅ ጥያቄ ነበር። ጥጤ ሁለቱ ሲኒዎች ታዩዋት፣ ቀስ ተብለው የተቀመጡት። እሷ ያን ጠዋት ስትፈራ የኖረችውን ያህል እሱም ሲፈራ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት።

«አባትህ መጥቶ ነበር» አለችው። «በሕልሜ። ይመጣል፣ አልነገርኩህም እንጂ። ስለ አንተ ጠየቀኝ።»

«ምን አለ?»

«ልጁስ ይተኛል አለኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።»

አለቃ ጥጡን ትታ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል።

«አልተኛም፣ እማዬ» አለ ልጇ። «ሳይነጋ እነሳና ቁጥርሽ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። እስኪመጣ ድረስ... አልችልም።»

ጥጤ የሰዓቱን ማሰሪያ ፈታችው። ከሥሩ ያለው ቆዳዋ ፈዞ፣ ተሸብሽቦ ነበር። ሰዓቱን ለሆቴሉ ትራስ በተዘጋጀው ጥጥ ላይ አስቀመጠችው፤ ጥጡም ቀስ ብሎ ዋጠው።

«ከእንግዲህ ሲነጋ የምደውለው እኔ ነኝ» አለችው። «ደህና አደርኩ ወይም አላደርኩም የምልህ በራሴ አፍ ነው። እስክደውልልህ ተኛ።»

«እሺ» አለ።

«አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ» አለች ጥጤ፣ ጆንያው ላይ እየተቀመጠች፣ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ። «እንዴት አደርክ፣ ልጄ?»